የኩሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ፍሪዘር ውስጥ እንዳይሸት፦ ቫይታሚን ኢ ስንት እና መቼ?

«የቆሮሶዬ ፊሌቶ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ የሰነበተ ዘይት ይሸታል። መኖው በዋናነት የኑግ ፋጉሎና ፍሩሽካ፣ ትንሽ የዓሣ ዱቄትም አለበት። ቫይታሚን ኢ ልጨምርበት?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦

አዎ፣ ይጨምሩ። ግን ከቫይታሚኑ በፊት ፋጉሎውን ይፈትሹ። በመጭመቂያ ከወጣ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ብዙ ዘይት ይቀራል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ስለሆነ አየር ሲነካው ቶሎ ይበላሻል። አንድ እፍኝ ይዘው በመዳፍዎ እያሹ ያሙቁትና ያሽትቱት። የኑግ ሽታው ጠፍቶ የቀለም ሽታ ከመጣ ለዓሣ አይስጡት። የተበላሸ ቅባት የበላ ዓሣ ቫይታሚኑን የተበላሸውን ቅባት ለመከላከል ይጨርሰዋል፤ ለሥጋው የሚተርፍ የለም።

የሚገዙት ለመኖ የሚዘጋጀውን የቫይታሚን ኢ ዓይነት፣ አልፋ ቶኮፌሪል አሲቴት፣ 50 በመቶ የሆነውን ዱቄት ነው። ለዕድገት ብቻ ከሆነ በኪሎ መኖ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ይበቃል። ሥጋው እንዲቆይልዎ ከሆነ ግን ወደ 200 ከፍ ያድርጉት፤ የዱቄቱ ግማሽ ብቻ ቫይታሚን ስለሆነ ለ100 ኪሎ መኖ 40 ግራም ዱቄት ማለት ነው። ይህን ክምሩ ላይ ዝም ብለው ቢበትኑት አንዱ ጥግ ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ ከግማሽ ኪሎ ፍሩሽካ ጋር፣ ያንን ከ5 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከጠቅላላው ጋር ያዋህዱ። በሥጋ መፍጫ አውጥተው ጥላ ላይ ያድርቁት።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ አሲቴቱ ከረጢት ውስጥ ያለውን መኖ አይጠብቅም። ሥራ የሚጀምረው ዓሣው አንጀት ውስጥ ከተፈታ በኋላ ነው። ስለዚህ መኖውን በትንሽ በትንሹ ያዘጋጁ፣ በአንድ ወር ይጨርሱት፣ ከረጢቱን ከወለል ከፍ አድርገው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ሊያጠምዱ አንድ ሳምንት ሲቀር ቢጀምሩ ብርዎን አባከኑ። ቫይታሚኑ የሥጋው ሕዋስ ሽፋን ውስጥ መጠራቀም ስላለበት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ቫይታሚን ሲ አብሮ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ያገለገለውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ያድሰዋል። ተራው አስኮርቢክ አሲድ ግን በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋል፤ ከፎስፌት ጋር የተያያዘውን፣ 35 በመቶውን ይፈልጉ፣ ለ100 ኪሎ 30 ግራም። ሴሊኒየም የተባለውን ማዕድን ለብቻው አይጨምሩ፤ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፣ የዓሣ ዱቄቱም ይዞታል፣ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው። ሥጋ የሚያቀላውን አስታክሳንቲን ለትራውትና ለሳልመን ዓሣ ይተዉት፤ የቆሮሶን ሥጋ አያቀላም።

ሲያርዱም ደሙን በበረዶ ውሃ ውስጥ በደንብ ያፍስሱት፤ ደም ውስጥ ያለው ብረት ቅባቱን ያበላሻል። ፊሌቶውን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያኑሩት። ሁለት ኩሬ ካለዎት ለአንዱ ብቻ ቫይታሚኑን ይስጡ፣ የሁለቱንም ፊሌቶ ቀን ጽፈው አንድ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፣ በየወሩ ከሁለቱም አንዳንድ እያወጡ ቀቅለው ሽታውን ያነጻጽሩ።