እኔ ሥራ ልቀይር ነው፣ ባሌ ከተማ ሊቀይር ነው፤ ፋይላችን ምን ይሆናል?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ስጽፍልዎ ግን ገና የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ጎንደር ነው፣ ማራኪ ተከራይቼ። ፋርማሲስት ነኝ፤ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቴ አሜሪካ ነው፣ ዴንቨር። ዜግነት አለው። ካቻምና ጥምቀት ሰሞን እዚሁ ተጋባን፣ ተመልሶ ሄደና የሚስትነት ቪዛ ማመልከቻ አስገባልኝ። ማመልከቻው ጸድቆ ፋይሉ ኤንቪሲ የሚሉት የአሜሪካ የቪዛ ማዕከል ጋ ደርሷል። ክፍያውም ተከፍሏል፣ ያ ረጅሙ ፎርም ግን ገና አልተላከም።

ጉዴን ልንገርዎ። ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ሥራ አገኘሁ፤ ደመወዙ አሁን ከማገኘው በጣም ይሻላል። ልሄድ ነው ስል አማቴ “ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ከቦታው አይነቃነቅም” አሉ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው፤ ግን የጎረቤታቸው ልጅ ቤት ቀይራ ቪዛ ተከለከለች እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። ፒያሳ ፎርም የሚሞላልን ልጅ ደግሞ “አድራሻ ከተቀየረ ኬዙ ከዜሮ ይጀምራል፣ እኔ ግን አስተካክልልሻለሁ” ብሎ ብር ጠየቀኝ። የፋይሉን ኢሜይልም የከፈተልን እሱ ስለሆነ ላስቀይመው ፈራሁ።

ይህ ሳያንስ ባለቤቴ ሰሞኑን ደውሎ “መጋዘን ሥራው ሰልችቶኛል፣ ዳላስ ወንድሜ ጋ ገብቼ ትራክ ገዝቼ በራሴ ልሠራ ነው” አለኝ። ቤቱን እንደሚለቅ ለአከራዩ ነግሮ ጨርሷል፣ ለእኔ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው! እኔም ተናድጄ የባሕር ዳሩን ነገር እስካሁን አልነገርኩትም። ምን ይሻለኛል? ሥራ ልቀይር? እሱስ ይሂድ? ወይስ ሁለታችንም ባለንበት ቁጭ ብለን እንጠብቅ? ደግሞ ፍሪጄንና ሶፋዬን ልግዛ የሚል ሰው መጥቷል፣ ልሽጥለት?

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ

መልስ

ባሕር ዳር ሂጂ እኅቴ። ይህን ካልኩሽ በኋላ ቀሪውን ረጋ ብለሽ አንብቢው፤ ምክንያቱም እኔን ያሳሰበኝ ያንቺ ሥራ ሳይሆን የባልሽ ነው።

ያንቺ ደመወዝ አገር ስትለቂ የሚቆም ነው። ስለዚህ ቢጨምርም ቢቀንስም ባልሽ በቂ ገቢ እንዳለው የሚያሳይበት የስፖንሰርነቱ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ያ ረጅም ያልሽው ፎርም፣ ዲኤስ-260 የሚባለው፣ የት የት እንደሠራሽና ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ የት የት እንደኖርሽ ይጠይቃል። ገና ስላልላካችሁት ባሕር ዳርን ጨምረሽ ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። ተልኮ ቢሆን እንኳ ኤንቪሲ መልሶ እንዲከፍትላችሁ ይጠየቃል፣ ካልሆነም ኢንተርቪው ላይ “ይሄ ተቀይሯል” ብለሽ ትናገሪያለሽ። ከዜሮ የሚጀምር ነገር የለም። ልጁ ብር የጠየቀሽ ለሌለ ሥራ ነው።

የአማትሽን የጎረቤት ልጅ አላውቃትም፣ ምን እንደገጠማትም አላውቅም። ቤት መቀየር ግን ቪዛ አያስከለክልም። ችግር የሚመጣው ፎርሙ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ኢንተርቪው ላይ የምትናገሪው ሌላ ሲሆን ነው። አማትሽን ስታስረጂ ግን “ተሳስተዋል” ብለሽ አትጀምሪ፤ ልጃቸው ራሱ ደውሎ ቢነግራቸው ይሻላል።

ስትለቂ የመድኃኒት ቤቱን የሥራ ልምድ ደብዳቤና መልቀቂያ በእጅሽ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ከቀበሌም መሸኛሽን ያዢ። አሜሪካ በሙያሽ ልትሠሪ ካሰብሽ የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕትሽንም አሁን ጎንደር እያለሽ ብትጨርሺው ጥሩ ነው፤ ከዳላስ ሆኖ ሬጅስትራር ማሳደድ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት እዚህ ጋ ነው። ኤንቪሲ የሚልክላችሁ ነገር ሁሉ በዚያ ኢሜይል ነው የሚመጣው፤ ወረቀት ጎደለ የሚለውም፣ ፋይሉ ተሟላ የሚለውም፣ የኢንተርቪው ቀኑም። እና የይለፍ ቃሉ ያለው ፒያሳ ያለ ልጅ ጋ ነው! ልጁ ክፉ ነው አላልኩም፣ ምናልባት ሌላ ከተማ ሊሄድ፣ ስልክ ሊቀይር፣ ሊረሳም ይችላል። በሰላም፣ በሻይ፣ በምስጋና የይለፍ ቃሉን ተቀበይውና የዚያኑ ቀን ቀይሪው። የኬዝ ቁጥሩንና የኢንቮይስ ቁጥሩንም ጻፊ፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ራስሽ ገብተሽ ፋይልሽን ታያለሽ። እምቢ ካለሽ ባልሽ ኤንቪሲ ድረ ገጽ ላይ ባለው መጠየቂያ ፎርም ጽፎ ኢሜይሉን ማስቀየር ይችላል፣ ክፍያ የለውም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ኤንቪሲ ጋ ያለ ፋይል 1 ዓመት ሙሉ ምንም ሳይባል ዝም ከተባለ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ማስታወቂያው ለልጁ ኢሜይል ቢመጣ ማን ያየዋል?

ባልሽ ዳላስ መግባቱ ምንም አይደለም። አድራሻው እንደተቀየረ ለኤንቪሲ ማሳወቅ አለበት፣ የስፖንሰር ፎርሙንም፣ አይ-864ን፣ በአዲሱ አድራሻ ይሙላው። ፎርምሽ ላይ የምትጽፊው የአሜሪካ አድራሻም የዳላሱ ይሁን። ግሪን ካርድሽ የሚላከው ወደዚያ ነው። ዴንቨር ብለሽ ከተውሽው ካርዱ ሌላ ሰው ወደተከራየው ቤት ይሄዳል፤ ፖስታ ቤቱን “አዛውርልኝ” ማለት ብቻውን አይበቃም። አንቺም ከገባሽ በኋላ ቤት በቀየርሽ ቁጥር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽኑ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው።

ትራኩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አይ-864 ባልሽ ድህነት ወለል ከሚባለው ገቢ 125 ከመቶውን ማግኘቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ 26,437 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ስለሚሻሻል ስትሞሉ አዲሱን እዩ። ባልሽ አሁን ተቀጣሪ ነው። ፔይ ስታብ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀት፣ አለው፣ አሠሪው ይህን ያህል እከፍለዋለሁ ብሎ ይጽፍለታል፣ የዓመቱን ታክስ ያያይዛል፣ በቃ። ዳላስ ሄዶ ለአንድ የትራክ ኩባንያ ቢቀጠርም ያው ነው፤ አዲሱ አሠሪ ከመቼ ጀምሮ በስንት እንደቀጠረው ደብዳቤ ከጻፈለትና ፔይ ስታብ ከያዘ ሥራ መቀየሩ አይጎዳውም።

በራሱ ትራክ ሲሆን ግን የሚታየው ያስገባው ብር አይደለም፤ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የትራኩ ዕዳ ሁሉ ተቀንሶ ታክስ ላይ የቀረው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ታክስ እንዳይበዛባቸው ወጪያቸውን ሁሉ ያስመዘግባሉ፣ መብታቸውም ነው፤ ግን ሚስት ሊያመጡ ሲሉ ያው ወረቀት “ገቢ የለህም” ይላቸዋል። ኪሱ ውስጥ ብር ያለው ሰው ወረቀት ላይ ደሃ ሆኖ ሲገኝ ቆንስላው የሚያምነው ወረቀቱን ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳላስ ይግባ፣ ተቀጥሮ ይንዳ፣ የራሱን ትራክ ግን አንቺ ቪዛሽን እስክትይዢ ያቆየው። ለእኔ ይሄ ይሻለኛል። ሁለተኛው፣ አልቆይም ካለ፣ ወንድሙ ተጨማሪ ስፖንሰር ይሁን። ወንድሙ አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አለበት፤ የራሱ ቤተሰብም ከአንቺ ጋር ይቆጠራል። ሚስትና ሁለት ልጆች ካሉት ከአንቺ ጋር አምስት ማለት ነው፣ በ2025 ሒሳብ ከ47,000 ዶላር በላይ ገቢ ይፈለግ ነበር። እሱም በራሱ ትራክ የሚሠራ ከሆነ ያው ታክስ ላይ የቀረው ነው የሚታየው፣ አስቀድማችሁ እዩት። ፊርማውንም እንደ ቀላል እንዳታዩት። ፊርማው አንቺ ዜግነት እስክታገኚ ወይም 10 ዓመት ያህል የሚሆን ሥራ እስኪቆጠርልሽ ድረስ ያስረዋል፣ ብትፋቱ እንኳ አይፈርስም። ወንድሙ ይህን ሰምቶ እሺ ካለ እሺ ነው፤ በዓል ላይ በይሉኝታ “ችግር የለም” ብሎ ከሆነ ደግሞ ጠይቁት።

እና ሳይነግርሽ ቤቱን መልቀቁ። ተናደሽ የራስሽን ነገር ደብቀሻል፣ ገብቶኛል፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ግን ኢንተርቪው ላይ አዲስ አበባ ቆመሽ “ባልሽ የት ነው የሚኖረው? ምን ይሠራል?” ሲሉሽ ዴንቨር፣ መጋዘን ብለሽ ብትመልሺ፣ ፎርሙ ደግሞ ዳላስ፣ ሾፌር ቢል ምን ልትዪ ነው? እሱም ሚስቱ ባሕር ዳር መሆኗን ከእናቱ መስማት የለበትም። ኩርፊያው ይቆይልሽና ዛሬ ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ደውዪለት፣ ዴንቨር ያኔ ረፋድ ነው። መጀመሪያ የባሕር ዳሩን ንገሪው። ከዚያ ትራኩን አንሺበት፤ “ተው” ብለሽ ሳይሆን “መቼ?” ብለሽ። የሁለታችሁን አድራሻ፣ የሥራ ቦታና ቀኖቹን እያወራችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ፎርሙን ከዚያ ሙሉ።

ፍሪጅሽን አትሽጪ። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ቪዛ በእጃችሁ ሳይገባ ሥራ አትልቀቁ፣ ንብረት አትሽጡ፣ ትኬት አትቁረጡ ነው የሚለው። ወደ ተሻለ ሥራ መዛወር ሥራ መልቀቅ አይደለም፣ እሱ አያሳስብሽ። ከፋይል ተሟላ እስከ ኢንተርቪው ስንት ወር እንደሚወስድ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም፤ ባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ያለ ፍሪጅ አይቻልም። ሶፋው ከባድ ከሆነ እሱን ሽጪው፣ ማጓጓዣው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል።