መልስ፦ ማሃባራታ ውስጥ ጥሩው ወገን የቱ ነው?

ማሃባራታ የፓንዳቫ ወንድማማቾችና የአጎታቸው ልጆች የካውራቫዎች ጦርነት የሚተረክበት ጥንታዊ የህንድ ግጥም ነው። «ፓንዳቫዎቹ ጥሩዎች ከሆኑ ለምን ያታልላሉ?» ላልከው፦ እኔንም ሲያብሰለስለኝ የኖረው ይኸው ነው። የፓንዳቫዎቹ ታላቅ ወንድም ዩዲሽቲራ በእውነተኛነቱ የታወቀ ንጉሥ ነው፤ ሠረገላው እንኳ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር። ግን በካውራቫዎች በኩል የተሰለፈውን መምህሩን ድሮናን ለመጣል «አሽዋታማ ሞቷል» አለው። የሞተው በዚህ ስም የሚጠራ ዝሆን ነው፤ የድሮና ልጅም ስሙ አሽዋታማ ነው። «ዝሆኑ» የሚለውን ቃል በለሆሳስ ዋጠው። ያኔውኑ ሠረገላው መሬት ነካ። አባትየው ግን ልጄ ሞተ ብሎ መሣሪያውን ጣለ፤ ተገደለ።

ካርናስ? ከጠላት ወገን፣ ከካውራቫዎቹ ጋር የቆመ ጦረኛ ነው። ለለመነው የማይነፍግ ቸር ስለነበር አብሮት የተወለደውን ጥሩር ከገላው ቆርጦ ለአምላኩ ለኢንድራ ሰጠ። ያው ሰው የፓንዳቫዎቹ ሚስት ድራውፓዲ በጉባኤ ፊት ስትዋረድ አብሮ ሰድቧታል። ለካርና አዝናለሁ፤ ያንን ስድብ ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።