ስለ መሣሪያና ራስን ስለመከላከል፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ተኩሼ ብመታ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ መጠየቁ አይቀርም። ነፃ መውጣትህን የሚወስነው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው፦ ጥቃቱ ሕገወጥና የተጀመረ ወይም ሊጀመር የተቃረበ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ካልተቻለ፣ የወሰድከውም እርምጃ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ አትቀጣም። ጩቤ ይዞ ወደ ልጆችህ ክፍል የሚገባና ቴሌቪዥንህን ተሸክሞ ወደ አጥሩ የሚሮጥ ሰው አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ጩህ፣ መብራት አብራ፣ ጎረቤት ቀስቅስ እንጂ አትተኩስ። ጥይቱ በጀርባው መግባቱ በሐኪም ማስረጃ ላይ ከሰፈረ «ራሴን ስከላከል ነው» ማለት በጣም ይከብድሃል።

ጥያቄ፦ ደንግጬ ልኩን ባልፍስ?

መልስ፦ አንቀጽ 79 ይህን አስቦበታል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀላል፤ ልኩን ያለፍከው ጥቃቱ ባመጣብህ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ያለ ቅጣትም ሊያልፍህ ይችላል። ሰው ከሞተ ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ተራ ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ የመከላከልን ልክ በማለፍ የተፈጸመው (አንቀጽ 541) እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው።

ጥያቄ፦ ከአወዳይ ጫት ሸጬ ማታ ብር ይዤ ድሬ እመለሳለሁ። ሽጉጥ ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ በራሱ ወንጀል ስለሆነ፣ በመከላከሉ ነፃ ብትወጣ እንኳ በመሣሪያው ትከሰሳለህ። ፈቃዱ ቢኖርህም ርቀቱን አስብ። ጩቤ የያዘ ሰው 6 ሜትር ለመሮጥ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በዚያ ጊዜ ልብስህን ገልጠህ፣ መዝዘህ፣ አቀባብለህ ማነጣጠር አለብህ፤ ባጃጅ ውስጥ ታጥፈህ ተቀምጠህ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የዘረፋው ዒላማ ብሩ ነው፤ ስለዚህ ብሩን በስልክ ወይም በባንክ አስተላልፍ፣ ሰዓትህን ቀያይር፣ መንገድ ላይ አትቁጠር።

ጥያቄ፦ ዘራፊዎች መሣሪያ የሚመርጡት በምንድን ነው?

መልስ፦ በቀላሉ በመገኘቱ፣ ልብስ ውስጥ በመደበቁና ሲያዙ በመጣሉ። ፌሮ፣ ጩቤና ድንጋይ የሚበዙት ለዚህ ነው፤ ፌሮ የያዘ ሰው ፍተሻ ላይ «የግንባታ ሠራተኛ ነኝ» ይላል። ሽጉጥ የሚይዝ ዘራፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ማስፈራራቱን ነው፤ ተኩስ ሰው ይሰበስብበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በ10 ግዛቶች 1,800 ያህል እስረኞች ተጠይቀው ነበር፤ አብዛኞቹ መሣሪያቸውን ያገኙት ከሕጋዊ ሱቅ ሳይሆን ከጓደኛ፣ ከመንገድና በስርቆት ነው። ብዙዎቹ የታጠቀ ተጠቂን እንደሚፈሩ ቢናገሩም፣ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ያለ መሣሪያ ግን ለእነሱ ሲሳይ ነው። ፍራሽ ሥር የተውከው ሽጉጥ ነገ በሌላ ሰው ላይ ሊዞር ይችላል፤ ይህን እባካችሁ ቀላል አታድርጉት።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው ክላሽ ቤት አለን። እንዴት እናስቀምጥ?

መልስ፦ ጥይቱን አውጥታችሁ፣ ከጥይቱ ለይታችሁ፣ ሁለቱንም ቆልፋችሁ። ስታወጡ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ጣት ከቃታው ይራቅ፣ መጀመሪያ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) ንቀሉ፣ ከዚያ የማቀባበያውን እጀታ ስባችሁ የጎረሰውን ጥይት አስወጡ፣ ውስጡን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚሞትበት ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ካርታው ሳይነቀል ከተሳበ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ከዚያ ካርታውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ብሎ ቃታ መሳብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ ለሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስስ?

መልስ፦ በፍጹም። የወጣው ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፣ የወረደበትንም ሊገድል ይችላል። በጠባቡ መንገድ ዝቅ ያለው ደግሞ የድንጋይ ግንብ መትቶ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ተኩሼ ከሆነ ቀጥሎ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አደጋው ካለፈ መሣሪያውን አስቀምጥ፣ ለቆሰለው አምቡላንስ፣ ለፖሊስ 991 ደውል። ቀለሃ አታንሳ፣ ደም አትጠብ፣ የወደቀውን ጩቤ አትንካ፤ የሚመሰክሩልህ እነሱ ናቸው። ስምህን ተናገር፤ ዝርዝሩን ጠበቃህ እስኪመጣ ማቆየት ትችላለህ፤ ዝም የማለት መብትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጽፏል።