ፌይልየር ሁሉ ውድቀት አይደለም፦ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛው «ፌይልየር» የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተውብኛል። አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ቃሉን ባዩበት ሁሉ «ውድቀት» ብለው ይተረጉሙትና ዓረፍተ ነገሩ አልገጥም ይላቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ አይገጥምም። የተወሰኑትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። «ፌይለር» ነው ወይስ «ፌይልየር»?

«ፌይልየር» ነው። ግን ጓደኛህንም አትናቀው፤ ቃሉ በ1640ዎቹ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ «ፌይለር» ነበር። መጨረሻው እንደ «ፕሬሸር» ካሉ ቃላት ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ የተቀየረው በኋላ ነው።

የእናቷ የሕክምና ወረቀት ላይ «ሃርት ፌይልየር» የሚል ያየች አንባቢ ደንግጣ ጽፋለች። «ልቧ ቆሟል ማለት ነው? ታዲያ እንዴት ቆማ ትሄዳለች?»

አልቆመም እህቴ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እኔም አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው።

ከዓመታት በፊት አክስቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ መጣች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት ተረከዙን ረግጣ ነበር የምትሄደው። «አንብብልኝ» አለችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ልብሽ ሥራ አቁሟል ይላል» አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «ይመታል እኮ» አለችኝ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐኪሞች «ሃርት ፌይልየር» ሲሉ ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መርጨት አቅቶታል ማለታቸው ነው። ይመታል፣ ይሠራል፣ ግን አይበቃም። ትንፋሽ የሚያጥረውም እግር የሚያብጠውም ለዚህ ነው። አማርኛው «የልብ ድካም» ይለዋል፤ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ስም ነው። ልብ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ እንግሊዝኛው ሌላ ስም አለው፤ «ካርዲያክ አረስት» ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአክስቴ ወረቀት ላይ 35 ከመቶ የሚል ቁጥር ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ፈተና ውጤት አይቶት ከ100 ውስጥ 35 አመጣች ብሎ አለቀሰ። ቁጥሩ የሚያሳየው የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ ነው። ጤነኛ ልብም ቢሆን 100 አያመጣም፤ ከ50 እስከ 70 ገደማ ነው። 35 ዝቅ ያለ ነው፣ መታከምም አለበት። ግን ቤተሰቡ እንዳሰበው አልነበረም።

«ኪድኒ ፌይልየር»ም እንደዚሁ ነው። ኩላሊት ደም የማጣራት አቅሙ በጣም ሲወርድ የሚሰጥ ስም ነው። ቃሉ ብቻውን ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው አይናገርም፤ በድንገት የደከመ ኩላሊት በሕክምና ሊያገግም ይችላል።

እኔ ቃሉን እንጂ እናትሽን ማከም አልችልም። ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ሐኪሟ ተመለሺ። «ምን ያህል ደክሟል? ምን እናድርግ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ካልገባሽ ደግመሽ ጠይቂ። እኔ ጻፍኩልሽ ብለሽ እንዳትቀሪ።

ውል እየተረጎመ ያለ ወጣት፦ «‹ፌይልየር ቱ ፔይ› የሚለውን ‹ለመክፈል አለመቻል› ብዬዋለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደለህም፤ ስህተቱም ቀላል አይደለም። «አለመቻል» ስትል ሰውዬው ሞክሮ አቅም አጥቷል እያልክ ነው። እንግሊዝኛው ግን ይሞክር አይሞክር፣ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው ደንታ የለውም። መክፈል ነበረበት፣ አልከፈለም፤ በቃ። «ገዢው ካልከፈለ» ብለህ ጻፍ። «መክፈል ካልቻለ» ብለህ ብትጽፍ ገንዘብ እያለው ላልከፈለ ሰው ማምለጫ ሰጠኸው።

«ፌይልየር ቱ አፒር» የሚለውንም እግረ መንገዴን ልንገርህ። ፍርድ ቤት ተጠርቶ መቅረት ነው። «ቀረ» የሚል የተጣራ ቃል እያለን «ለመቅረብ መሳን» የሚል ትርጉም ሳይ ያናድደኛል። «ሂ ፌይልድ ቱ ካም» ማለትም «አልመጣም» ነው። ከዚህ አታስረዝመው።

ውሉን ግን ተዋዋዮቹ ከመፈራረማቸው በፊት ጠበቃ ይየው።

«አሠልጣኜ ክብደት ሳነሳ ‹እስከ ፌይልየር› ይለኛል። ለምን እንድወድቅ ይፈልጋል?»

እንድትወድቅ አይደለም። በትክክለኛው አነሳስ አንድ ተጨማሪ ማንሳት እስኪያቅትህ ድረስ ሥራ ማለቱ ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለብህ ራሱን ጠይቀው።

የምሕንድስና ተማሪ ነኝ የምትል አንባቢ «ፌይል ሴፍ» የማይበላሽ ማለት እንደሆነ ተምራለች። አስተማሪዋ ግን ፈተና ላይ ኤክስ አደረገባት።

አስተማሪሽ ልክ ነው። «ፌይል ሴፍ» የሆነ ነገር ይበላሻል፤ ሲበላሽ ግን ጉዳት ወደማያደርስበት ሁኔታ ይሄዳል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ያወጣውን የባቡር የአየር ፍሬን ተመልከቺ። ባቡሩ ሲሄድ ፍሬኑን ለቅቆ የሚይዘው ቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው። ቱቦው ቢቀደድ፣ ፉርጎ ቢበጠስ፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ፍሬኑም በራሱ ይይዛል። የሠራው ሰው ቱቦው አንድ ቀን እንደሚቀደድ አስቀድሞ አስቦበታል።

በናንተ ሙያ ደግሞ ፌይልየር መሰበር ብቻ አይደለም። የጎበጠ ብረት ሳይሰበርም ቢሆን የተሠራለትን ሥራ ካልሠራ ፌይልየር ነው።

«የገበያ ውድቀት» የሚለውን ሐረግ መማሪያው ውስጥ አይቶ ገበያው ተዘጋ ወይ የሚል አለ።

ገበያው ደርቶ ሊሆን ይችላል። የኢኮኖሚ ሰዎች «ማርኬት ፌይልየር» የሚሉት ገበያው ለራሱ ሲተው ሀብትን በሚገባ ማዳረስ ሲያቅተው ነው። ፋብሪካው ያመርታል፣ ገዢው ይገዛል፤ ጭሱ ግን ጎረቤቱን ያሳምማል። የሕመሙ ወጪ ዋጋው ውስጥ የለም። እኔ «የገበያ ጉድለት» ብየው እመርጣለሁ።

የመጨረሻውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። አንዲት እናት ናቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው ፈተና ወድቆ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል። ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ «አይ አም ኤ ፌይልየር» ይላቸዋል። «‹አይ ፌይልድ› ከማለት ይለያል ወይ?» ይላሉ።

ይለያል። በጣም ይለያል።

«አይ ፌይልድ» ግስ ነው። ጊዜ አለው፤ ያለፈ ነው። «ምኑን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ፈተናውን» ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ስም ነው። ከፊቱ ያለችው «ኤ» የምትባል ቅንጣት ስሙን ልጁ ላይ ትለጥፈዋለች። ፈተናው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ቀኑም ወጥቷል። የቀረው ልጁ ብቻ ነው።

ቃሉ ሲነሳ እንዲህ አልነበረም። ሥሩ የላቲኑ «ፋሌሬ» ነው፤ ማሳት፣ ማታለል ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ መጉደል፣ አለመሳካት ሆነ። እንግሊዝኛ ሲገባም የሆነ ነገር መጉደሉን የሚናገር ቃል ነበር። ያልተሳካለት ሰው ራሱ በዚህ ስም ሲጠራ የምናገኘው በ1837 ገደማ ነው፤ ቃሉ ከገባ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ስለ ነጋዴ «ፌይልየር» ሲባል ኪሳራ ማለት ነበር። ዕዳው አልተከፈለም፣ ሱቁ ተዘጋ። ቀስ በቀስ ስሙ ከሱቁ ወደ ባለሱቁ ተሻገረ።

አሁን ልጅዎ ያንኑ በአማርኛ ልበል ቢል ይቸገራል። «ውድቀት ነኝ» አይባልም። «ውዳቂ» አለ፤ እሱ ግን ስድብ ነው። ያን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር ቢሰሙት «አፍህን!» ብለው ይቆጡት ነበር። በእንግሊዝኛ ሲለው ግን ስድብነቱ ለጆሮ አይሰማም። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙ ልጆች ለራሳቸው በአማርኛ የማይናገሩትን ነገር በእንግሊዝኛ ይናገሩታል፤ እኛም ሰምተን እናልፋለን።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰብል ይጠፋል። ነጋዴ ይከስራል። ሴራ ይከሽፋል። ሞተር ይበላሻል። መብራት ይቋረጣል። ጉልበት ይከዳል። ፈተና ይወደቃል። እያንዳንዱ ግስ ምን እንደሆነና ምኑ ላይ እንደሆነ ይናገራል። እንግሊዝኛው እነዚህን ሁሉ በዚያ አንድ ስም ይጠራቸዋል።

ስለዚህ «ፌይልየር አይደለህም» ብለው አይከራከሩት፤ ያው ስሙን እየደገሙለት ነው። በአማርኛ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። «ምን ሆነ?» ይበሉት። «ሒሳቡ ላይ ሰዓት አለቀብኝ» ሊል ይችላል። «ከመሃል ጀምሮ አልገባኝም ነበር» ሊል ይችላል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ፣ የቃል ትርጉም ጥያቄ አይደለም። ብቻውን አይተዉት። ዛሬውኑ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። «ፈተናው ሲረሳው ይተወዋል» ብለው ሳምንት አይጠብቁ። ሌላ ደብዳቤ ከጻፉልኝም ከዚያ በኋላ ይሁን።

«አዲሱ አለቃዬ ‹ሰኞ ዊዝአውት ፌይል ና› ብሎኛል። ‹ሳትወድቅ ና› ማለት ነው?»

«እንዳትቀር» ማለት ነው።