ብርዱን የሚያስረሳ ፊልም

እንዴት ከረማችሁ? በዚህ ወር ደብዳቤው ጎርፎብኛል፤ ስለዚህ መግቢያ አላበዛም። ለአዲስ አንባቢዎች ብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ካሜራና ስለ መብራት ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ፣ አዲስ አበባ ለጉዳይ በሄድኩ ቁጥር ሲኒማ ሳልገባ የማልመለስ፣ የቀረውን ደግሞ እዚሁ ከጓደኞቼ ጋር በፕሮጀክተር የማይ ተራ ተመልካች ነኝ።

መለኪያዬም ተራ ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ እዚህ በኅዳር ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ፊልሙ እየታየ ጋቢዬን ስንት ጊዜ እንደጎተትኩ እቆጥራለሁ። ከበዛ ፊልሙ አልያዘኝም ማለት ነው። እግሬ መደንዘዙን ያወቅኩት መብራት ሲበራ ከሆነ ግን ጥሩ ፊልም አይቻለሁ። በቃ፣ ሌላ ሚዛን የለኝም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ።

«ሲነርስን አየሁት። ግማሹ ላይ ስደርስ ሌላ ፊልም ሆነብኝ። የሙዚቃ ፊልም ነው ወይስ የደም መጣጭ? ሰው ሁሉ እንዲህ ያበደለት ምኑን ወዶ ነው?» (ተማሪ፣ ከጠባሴ)

ሁለቱም ነው ወንድሜ፤ ያበድነውም ለዚያው ነው።

ላላያችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ በፈረንጅ 1932፣ ቦታው አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ። መንትያ ወንድማማቾች ከቺካጎ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ሁለቱንም የሚጫወታቸው ማይክል ቢ ጆርዳን ነው። አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይገዙና በአንድ ቀን ውስጥ ጭፈራ ቤት ሊያደርጉት ይነሳሉ። የአጎታቸው ልጅ ጊታር ይመታል። አባቱ ሰባኪ ስለሆነ «ይሄን ነገር ተው» እያለ ይቆጣዋል። ማታ ቤቱ ሲሞቅ ደም መጣጮች መጥተው በር ላይ ይቆማሉ።

ጓደኞቼ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ጠሉት። «ምንም አይፈጠርም እኮ» አሉኝ። እንዴት አይፈጠርም! አንዱ ሙዚቀኛ ሊያግባባ ይሄዳል፣ አንዷ ዓሣ ልትጠብስ ትጠራለች፣ አንዱ በር እንዲጠብቅ ከእርሻ መሀል ይወሰዳል። ድግስ ነው የሚደገሰው! ድግስ ቤት አድሮ የሚያውቅ ሰው ከሠርጉ ይልቅ የዋዜማው ሽርጉድ እንደሚጥም አይጠፋውም። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ያን አንድ ሰዓት የወሰደው ሰዎቹን እንድንወዳቸው ነው፤ ካልወደድናቸው ሲሞቱ ምን ያገባናል?

ከዚያ ያቺ የሙዚቃ ትዕይንት መጣች። ልጁ ጊታሩን ሲመታ የሞቱትም ገና ያልተወለዱትም ሙዚቀኞች እዚያው ቤት ውስጥ ገብተው አብረው ይጨፍራሉ። የአፍሪካ ከበሮ መቺ አለ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ አለ፣ ዲጄ አለ። በወሬ ስሰማው አስቂኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወዲያው ትዝ ያለኝ አዝማሪ ቤት ነው። እኛስ ያው አይደለንም እንዴ? አዝማሪን ለሠርግ እንጠራዋለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፣ «ተቀበል» እያልን እናዘዋለን፣ ልጃችሁን ዳሩልኝ ሲለን ግን ዘር መቁጠር እንጀምራለን። የዚያ ሰባኪ ቁጣ ለኔ ፈረንጅኛ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን በጣም አሳቀኝ። በፊልሙ ደም መጣጮቹ «ግቡ» ካልተባሉ ደጃፉን አያልፉም። ውጭ ቆመው ይለምናሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ብር ያሳያሉ። አያቴን አሰብኩ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው «ቤት የእግዜር ነው» ብላ ታስገባና እግሩን ሳታጥብ አታሳድረውም ነበር። ታሪኩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ቅሬታዬን ደግሞ ስማ። መጨረሻው ላይ ውጊያው ይጣደፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስወደዱኝን ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አከታትለው ጨረሱብኝ። ቢያንስ ለአንድ ሁለቱ ቆም ብለን ብናለቅስ ምን ነበረበት? ሌላው ደግሞ ቅሬታ ሳይሆን ገጠመኝ ነው፦ ፊልሙ አሜሪካ የወጣው ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ነው። ያን ዓመት ፋሲካችን ከፈረንጆቹ ጋር ስለገጠመ ቀኑ የኛም ስቅለት ነበር። እኛ እዚህ ስንሰግድ እነሱ እዚያ ደም መጣጭ ያያሉ!

ጋቢ፦ አንድ ጊዜ ጎተትኩ፤ እሱም ከፍርሃት።

«እኛ የጓሳ ጎረቤቶች ጭላዳ እያየን ነው ያደግነው። ግላዲያተር ሁለት ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች የየት አገር ናቸው?» (ከመሐል ሜዳ)

የኮምፒውተር አገር ናቸው! ጥያቄህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ፣ እኔም ሲኒማ ውስጥ ያንኑ ነው ያልኩት። ጸጉሩ የረገፈ፣ የተቆጣ ውሻ ነው የሚመስሉት። ጓሳ ላይ ቁጭ ብሎ ሳሩን እየነጨ የሚውለውን ጭላዳ ያየ ሰው በዚህ አይሸወድም። ፊልም ሠሪዎች የማያውቁት ነገር እንስሳን ለእረኛ ማሳየት ከባድ መሆኑን ነው፤ የከተማ ሰው የሚያልፈውን የአንተ ዓይን አያልፈውም።

ብዙዎቻችሁ በፊልሙ ውኃ በተሞላው የውጊያ መድረክ ውስጥ ስለሚዋኘው ሻርክም ጠይቃችኋል። ሮም ውስጥ መድረኩን ውኃ ሞልተው የመርከብ ውጊያ ያሳዩ እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ ስለዚህ ውኃውን አትሳቁበት። ሻርኩ ግን የፊልሙ ጭማሪ ነው።

ስለ ፊልሙ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። የመጀመሪያው በ1992 ሲወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደራርበን አይተን በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ በእንጨት ሰይፍ ነበር የዋለው። ሁለተኛውን አይቶ እንጨት የሚያነሳ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ዴንዘል ዋሽንግተን ባይኖር ተነስቼ እወጣ ነበር። ሰውየው ልብሱን እየጎተተ በገባ ቁጥር ፊልሙ ይነቃል። ጋቢ፦ መቁጠር አቆምኩ።

«ልጄ 12 ዓመት ሆኗታል። ኢንሳይድ አውት ሁለትን ላሳያት ወይስ ካርቱን ነው ብላ ትንቀዋለች?» (እናት፣ ከሸዋ ሮቢት)

እህቴ፣ አብረሻት እዪው። በመጀመሪያ ግን ይቅርታ ልጠይቅ፤ የጋቢ ሚዛኔ ለሸዋ ሮቢት ሰው አይሠራም። እናንተ ፊልሙ ላብ ማስረሳቱን ተመልከቱ።

ሰኔ 2016 ላይ የወጣ ነው፤ በዚያ የፈረንጅ ዓመት በዓለም ላይ የሱን ያህል ገንዘብ ያስገባ ፊልም አልነበረም። ታሪኩ ስለ አንዲት 13 ዓመት ስለሞላት ልጅ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደስታ፣ ሐዘንና ንዴት እንደ ሰው ሆነው ይኖራሉ። ጉርምስና ሲመጣ አዲስ እንግዶች ይገባሉ። ዋናዋ ጭንቀት ናት፤ ሻንጣዋን ሁሉ ይዛ ትመጣና ቤቱን ትቆጣጠረዋለች። ክፉ አለመሆኗን ወድጄላታለሁ። ልጅቷን ልትጠብቃት ብላ ነው የምታሳብዳት። እኛ ቤት እናቶች እንዲህ አይደሉም?

አንዲት አሮጊት ደግሞ አለች፣ ትዝታ። ብቅ ስትል «ገና ነሽ፣ ጊዜሽ አልደረሰም» ብለው ይመልሷታል። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ዝም ሲሉ ትልልቆቹ ነን የሳቅነው። እኛ አገር ብትሆን ማን ይመልሳታል? ማሲንቆ ይዛ ገብታ ዋናውን ወንበር ትይዝ ነበር።

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ይወስደኛል።

«ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሲኒማ የሰይጣን ቤት ነበር የሚባለው። አሁን የልጅ ልጆቼ ወሰዱኝና ሦስት ሰዓት አስቀመጡኝ። ወገቤን አመመኝ። ፊልም ለምንድን ነው እንዲህ የሚረዝመው?» (አንድ አባት፣ ከአንኮበር)

አባቴ፣ እግዜር ወገብዎን ይማርልዎት። ስሙ ትክክል ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው፣ በእናንተው ጎረቤት አንጎለላ በተወለዱት። አዲስ አበባ የተከፈተውንም ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ይለው ነበር። ያኔ ሰይጣኑ ግን ቶሎ ነበር የሚለቀው።

ርዝመቱ ላይ እውነትዎን ነው። ስለ አቶም ቦምቡ ሰው የተሠራው ኦፐንሃይመር ሦስት ሰዓት ነው። ዱን ክፍል ሁለት ደግሞ ሁለት ሰዓት ከ46 ደቂቃ። ግንቦት 2017 የወጣው የቶም ክሩዝ ሚሽን ኢምፖሲብልም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው አሁን ቤቱ ሆኖ በስልኩ የሚያየው ሞልቷል፤ ስለዚህ ከቤት ካስወጣነው አይቀር በትልቁ እናጥግበው ይላሉ። እንደ ደጋሽ መሆኑ ነው። ጠግቤያለሁ እያሉ ይጨምሩልዎታል፣ «በሞቴ» ብቻ ነው የቀራቸው።

ግን ርዝመቱን ብቻ አልጠላም። የምጠላው ያየሁትን መልሰው ሲነግሩኝ ነው። ሚሽን ኢምፖሲብል የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንደዚያ ነው፤ አራት ሰው ተሰብስቦ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርሳል፣ መሀል መሀል ከድሮዎቹ ፊልሞች ቁራጭ ይገባል። ጋቢዬን አራት ጊዜ ጎተትኩ። ከዚያ ሰውየው ባሕር ውስጥ ገብቶ የሰመጠው መርከብ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ማንም ምንም አይናገርም፤ እኔም አልተነፈስኩም። መጨረሻ ላይ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ሲንጠለጠል እግሬን ረሳሁት። እንግዲህ ዝም ማለት ከቻሉ ያን ሁሉ ማውራት ምን አመጣው?

የልጅ ልጆችዎን እንዲህ ይበሏቸው፦ ከመሄዳችን በፊት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ንገሩኝ። ትራስም ይያዙ። ማንም አይስቅብዎትም፣ እኔም እይዛለሁ።

«በፍላሽ አስገልብጦ ማየት ስርቆት ነው ወይስ አይደለም? ያለ ማድበስበስ መልስልኝ።» (ከደብረ ሲና)

ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂ መብት ሕግ አለን፤ ሕግ ባይኖርም መልሱ አይጠፋህም። እኔ ንጹሕ ነኝ አልልህም፣ ስንቱን በፍላሽ አይቻለሁ። አሁን አሁን ግን አንድ መስመር አስምሬያለሁ፤ የአማርኛ ፊልም አላስገለብጥም። ሆሊውድ የኔ ብር ቢቀርበት አይራብም። እዚህ ግን ቤቱን አስይዞ ፊልም የሚሠራ ሰው አለ፣ የኔና የአንተ ትኬት ናት የምትመልስለት።

ታዲያ ትኬት ቆርጬም ተናድጄ አውቃለሁ። ባለፈው አንድ የአማርኛ ፊልም ልይ ብዬ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ገባሁ፤ ስሙን ልተወው። ያው ቪላ፣ ያው መኪና፣ ያው የሀብታም ልጅ ያፈቀራት ድሃ። ድምፁ ደግሞ ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ሲጠፋ ግን ማንም አይታገሥም፤ እባካችሁ ከድሮኑ ቀንሳችሁ ማይክራፎን ግዙ።

የሚያናድደኝ መቻላችንን ስለማውቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞገስ ታፈሰን ፊልም ቁራኛዬን ስናይ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ታስረው ወደ ዳኛ በሚሄዱበት በዚያ የድሮ ሥርዓት ውስጥ ነው የገባነው። ቪላ የለም። ሁለት የሚጣሉ ሰዎች በአንድ ማሰሪያ ተቆራኝተው ሲሄዱ ከዚያ በላይ ምን ታሪክ ትፈልጋለህ? እንዲህ ያለ ነገር አገሩን ሞልቶታል። የመንዝ ሜዳና የጣርማ በር ጉም ያለ ኪራይ ተቀምጠዋል፣ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ብቻ ነው የጠፋው።

«የትርጉም ፊልም ትወዳለህ?» (ከጫጫ)

ተርጓሚው ከራሱ ሲጨምር እወዳለሁ። ፈረንጁ ሁለት ቃል ተናግሮ ተርጓሚው ግማሽ ደቂቃ ሲያወራ፣ መሀል ላይ ተረት ሲያስገባ፣ ያ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለሐዘን ፊልም ግን አይሆንም።

«ባለፈው ወር ኦፐንሃይመርን ስታወሳ ቦምቡ ሲፈነዳ ሁሉ ነገር ጸጥ እንደሚል፣ በዚያ ጸጥታ መሀል ግን ኋላህ የነበረ ሰው ቆሎ እየቆረጠመ እንዳበላሸብህ ጻፍክ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ይቅርታ። ግን ለምንድን ነው ድምፁ የዘገየው?» (ደብረ ብርሃን)

አንተ ነህ! ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ይቅር ብዬሃለሁ። ከገደል ማዶ መብረቅ ሲበርቅ አይተህ ነጎድጓዱ እስኪመጣ ቆጥረህ አታውቅም? ያው ነው። ብርሃን ይቀድማል፣ ድምፅ ይከተላል፤ ሰዎቹ ከፍንዳታው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው ስለነበር መጀመሪያ እሳቱን ብቻ ነው ያዩት። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ያንን ዝምታ ሆን ብሎ አርዝሞታል። ፊልሙ በመጋቢት 2016 ሰባት ኦስካር ሲወስድ እኔ በልቤ አንዱን ለዚያ ዝምታ ሰጥቻለሁ።

እኔ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ የሰማሁት ያንተን መንጋጋ ነው። ቆሎው የደብረ ሲና ነበር አይደል? በሚቀጥለው ስትመጣ ከፊቴ ተቀመጥና ለኔም ዘርጋልኝ።