የድሮ የመጫወቻ ባቡር ለውጭ አገር ሰብሳቢ ስለመሸጥ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ለቡ ነው። የጅቡቲው ባቡር የሚነሳበት የፉሪ ለቡ ጣቢያ ከሰፈሬ ብዙ አይርቅም። የድሮ ሞዴል ባቡር እየጠገንኩ ለጀርመንና ለእንግሊዝ ሰብሳቢዎች መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሥራ ዙሪያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ። ገዢዎቻችን የሚያወሩት በዚያ ነው።

ጋሼ፣ አያቴ ጀርመኖች ቤት ይሠሩ ነበር። ሲሄዱ የሰጧቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ባቡር ቤታችን አለ። ስንት ያወጣል? (ከቡራዩ)

ዋጋው ከመምጣቱ በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። ባቡሩን ገልብጠሽ ሆዱን እዪው። የፋብሪካው ስምና ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። «ሜርክሊን» የሚል ካገኘሽ በ1859 የተመሠረተ የጀርመን ፋብሪካ ነው። «ዌስተርን ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ካለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አገሪቱ ለሁለት በተከፈለችበት ዘመን የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ማስመሪያ ያዢ። የሐዲዱን ስፋት ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ለኪ። 32 ሚሊሜትር ከሆነ «ኦ» የሚባለው ትልቅ መጠን ነው። 16.5 ከሆነ «ኤችኦ» ይባላል፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። 9 ሚሊሜትር ከሆነ «ኤን» ነው።

ከጦርነቱ በፊት የተሠራ የቆርቆሮ «ኦ» ባቡር፣ ቀለሙ ካልተነካ፣ ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለው ኤችኦ ግን ብዙው እንደልብ የሚገኝ ነው። የሜርክሊን 3000 ቁጥር ትንሿ ባቡር ለምሳሌ ለአሥርተ ዓመታት ስለተመረተች አውሮፓ ውስጥ ሞልታለች። የጣሊያኑ ሊማም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። አያትሽ የመጀመሪያውን ካርቶን ስላስቀመጡ አመስግኛቸው። ከነካርቶኑ የመጣ ባቡር ሁልጊዜ የተሻለ ይሸጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች «ይሄን ያህል ስጡኝ» ብለው የለጠፉትን ዋጋ አትመኚ። የምታዪው በእርግጥ የተሸጠበትን ነው። ኢቤይ በሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል።

ቀለሙ ተላልጧል። ቀብቼ ባሳምረው አይሻልም? (ከሰበታ)

አትቀባው፣ ወንድሜ። እባክህን አትቀባው።

ይህን የምልህ ዋጋ ከፍዬበት ነው። ገና ስጀምር ከምናለሽ ተራ አንድ የቆርቆሮ ፉርጎ አገኘሁ። አቧራና ጥላሸት ለብሶ ነበር። ደስ ብሎኝ በሳሙናና በሽቦ ፎቅፍቄ አጠብኩት። ፎቶውን አይቶ የጠየቀኝ ሰው «ከመታጠቡ በፊት የተነሳ ፎቶ አለህ?» አለኝ። ነበረኝ፤ ላክሁለት። «በፊት እንደነበረ ቢሆን እገዛው ነበር» ብሎ ተወው። ሽቦው በቆርቆሮው ላይ የታተመውን ወርቃማ መስመር በልቶት ነበር። ፉርጎው ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ አልሸጥኩትም።

ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዕድሜው ነው። ጭረቱ የዕድሜው ምስክር ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ። ጎማዎቹን (መሽከርከሪያዎቹን) ብቻ በጥቂት አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ፤ አልኮሉ ቀለሙን እንዳይነካ። ከዚያ አልፈህ አትሂድ።

የባቡሩ ብረት ራሱን በራሱ እየተሰነጣጠቀ ነው። ማንም አልጣለውም። ምን ሆኖ ነው? (ከቃሊቲ)

ይህ የታወቀ በሽታ ነው፤ ፈረንጆቹ የዚንክ ተባይ ይሉታል። ተባይ ግን አይደለም። በ1930ዎቹ ብዙ ሞዴሎች የሚሠሩት በዚንክ ቅይጥ ነበር። ቅይጡ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባ፣ ብረቱ በዓመታት ውስጥ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። እርጥበት ያፋጥነዋል። መድኃኒት የለውም። ወደ ሌላው ባቡር ይተላለፋል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ አትስጋ።

ፀሐይ ላይ አውጥተህ በማጉያ መስታወት እየው። ጎማው አብጦ አልሽከረከር ካለ፣ ወይም ቀጥ ማለት የነበረበት አካል ከጎበጠ፣ ያው ነው። መሸጥ ትችላለህ፤ ለመለዋወጫ የሚፈልገው አለ። ነገር ግን ስንጥቁን በቅርብ ፎቶ አንሳና በግልጽ ጻፍ። መንገድ ላይ ከተፈረፈረ ገዢው አንተን ነው የሚጠይቀው።

ትራንስፎርመሩን ሰክቼ ብሞክረውስ? (ከሱሉልታ)

አሮጌውን ትራንስፎርመር አትስኪው። የሽቦው ሽፋን በዕድሜ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሰው ይይዛል። የአሜሪካው ላዮኔል ከሆነ ደግሞ ለ110 ቮልት ገደማ የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። ሳትሞክሪ «አልተሞከረም» ብለሽ መሸጥ ነውር የለውም። ሜርክሊን ኤችኦ በኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) የሚሄድ ሲሆን አብዛኞቹ ሌሎች በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚሄደው) ስለሆኑ፣ በማይሆነው ኃይል የተሞከረ ሞተርም ይበላሻል። በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባለሞላ ከሆነ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ጠምዝዘሽ እዪ፤ እስከ መጨረሻው አታጥብቂው።

ገንዘቡ እንዴት ይገባል? (ከለገጣፎ፤ ሌሎች አምስት ሰዎችም ጠይቀዋል)

መጀመሪያ ገንዘብ የምትቀበሉበትን መንገድ አረጋግጡ፤ ከዚያ ዕቃውን ለጥፉ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። የምትሸጡበት ድረ ገጽ ኢትዮጵያ ላለ ሻጭ የሚከፍል መሆኑን አንብቡ። እኔ ቋሚ ደንበኞቼ በባንክ በስዊፍት (ባንኮች ከአገር አገር ገንዘብ በሚላላኩበት መንገድ) ይልኩልኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ በጥቁር ገበያ የመሄድ ሰበብ በጣም ቀንሷል።

ስለ ማጭበርበር ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። አንድ «ገዢ» ዋጋ ሳይከራከር ይስማማል። ከዚያ «ተሳስቼ አብልጬ ልኬያለሁ፤ ትርፉን መልስልኝ» ይላል። የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ፎቶም ይልካል። ደረሰኝ ገንዘብ አይደለም። ባንክ ሄዳችሁ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ አንድ ብሎን እንኳ እንዳትልኩ። እውነተኛ ሰብሳቢ ይጠይቃል፦ የጎማውን ፎቶ፣ የሆዱን ፎቶ፣ የካርቶኑን ጥግ። ምንም የማይጠይቅ ሰው ያሳስበኛል።

አስተሻሸጉን ንገሩን። (ከቱሉ ዲምቱ)

ባቡሩን መጀመሪያ ጽሑፍ በሌለው ስስ ነጭ ወረቀት ጠቅልል። ጋዜጣ አትጠቀም፤ ቀለሙ ይለቃል። አየር የቋጠረው ፕላስቲክም አሮጌ ቀለም ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተዋልና በቀጥታ አይንካው፤ ከወረቀቱ በላይ ይሁን። ፉርጎዎቹ እንዳይጋጩ ለየብቻ ይጠቅለሉ። ትንሹን ካርቶን ትልቅ ካርቶን ውስጥ ክተት፤ በዙሪያው አራት ጣት ያህል ስፖንጅ ወይም የተጨማደደ ወረቀት ሙላ። ስትነቀንቀው ድምፅ ካለው እንደገና ፍታው።

እስከ 2 ኪሎ ያለው በፖስታ ቤት እንደ ትንሽ ጥቅል ይሄዳል። ውድ ዕቃ ግን በኢኤምኤስ (በፖስታ ቤቱ ፈጣን መላኪያ) ላክ፤ መከታተያ ቁጥር አለው።

አሜሪካ ያለ ገዢ «ስጦታ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። ልጻፍ?

አይሆንም። የጉምሩኩ ቅጽ ላይ የምትፈርመው አንተ ነህ። ዕቃው ከጠፋም ካሳ የምትጠይቀው በጻፍከው ዋጋ ነው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ያለ ዕቃ ያለቀረጥ ታስገባ የነበረው ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁላይ 2021 ወዲህ በትንሹም ዕቃ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠይቃል። ይህን ክፍያ የሚሸፍነው ገዢው መሆኑን ከሽያጩ በፊት ጻፍለት። እኛ ጋም እየገዙ መሸጥ ንግድ ነው፤ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ይፈልጋል። አንድ የቤት ዕቃ መሸጥ ሌላ ነው።

አባቴ ለገሃር፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ይሠሩ ነበር። የናስ ፋኖስና ከባቡር ላይ የወረደ የቁጥር ሰሌዳ ትተውልናል። አንድ ፈረንሳዊ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኛል። (ከፉሪ)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ይህ መጫወቻ አይደለም። የዚያ የለገሃሩ ባቡር ሐዲድ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ሃያ ዓመት የሰው ጉልበት ነው። ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ዛሬ ፉሪ ላይ የምታዪው ሌላ ነው። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም.፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ለቅርስ ባለሥልጣን ሳታሳዪ ለማንም ቃል አትግቢ።

ከሕጉ ውጪ የራሴን ልንገርሽ። እኔ ብሆን አልሸጠውም። የጀርመኑ መጫወቻ ጀርመን ቢመለስ ደስ ይለኛል፤ የሚያውቀው ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። የአባትሽ ፋኖስ ግን የሚያውቁት ሰዎች እዚህ ናቸው። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገሽ መጀመሪያ እዚህ ገዢ ወይም ሙዚየም እንፈልግ። ድሬዳዋ የአሮጌው ባቡር ጋራዥ አለ። አባትሽ ምን ይሠሩ እንደነበርም ጽፈሽ ከፋኖሱ ጋር አስቀምጪው።

ለመሸጥ ፎቶ ሳነሳ ልጄ አንዷን ባቡር ይዞ አልሰጥም አለ። ስድስት ዓመቱ ነው። (ከሰበታ)

የትኛዋን ነው? ቁጥሯን ላኩልኝ። ከተለመዱት ከሆነች ተዉለት። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አፉ ውስጥ እንዳያስገባት፣ ተጫውቶም እጁን እንዲታጠብ ብቻ ተከታተሉ። ጎማዋ ከደረቀ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይበቃታል። አልሄድ ካለች ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ልጁንም ይዛችሁት ኑ።