ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ፍሬ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አለቃችን ከሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ስብሰባ ላይ «ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ፍሬ አስቀድመን እንልቀም»፣ «ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው»፣ «ሁላችንም በአንድ ገጽ ላይ ነን?» ይላሉ። ግማሾቻችን እንስቃለን፣ ግማሾቻችን ማስታወሻ እንይዛለን። ይህ አማርኛ ነው?

መልስ፦ እኔ ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ።

የእንግሊዝኛው ፍሬ ያለ መሰላል፣ በእጅ ብቻ የሚደረስበት ነው፤ በትንሽ ድካም የሚገኝ ውጤት ማለታቸው ነው። ፖም ለሚለቅም ሰው ያስኬዳል። ጅማ ላይ ግን ይለቀም ሲባል ሰው የሚያስበው ቡና ነው። ቡና ለቃሚ ፍሬውን የሚመርጠው በቅላቱ እንጂ በከፍታው አይደለም። ቀዩ እሸት ይለቀማል፣ አረንጓዴው ይቆያል። ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ጎንበስ ያደርጉታል፤ የለቃሚውን ወገብ የሚያጎብጠው ዝቅ ያለው ነው። እንግዲህ ከቡና ገበሬ ቤት የመጣ ባልደረባዎ የአለቃዎን ንግግር «ባይበስልም ቅርብ ከሆነ ልቀሙት» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚዘጋጀው እንዲህ ነው የሚል ክፉ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ተውኩት።

ኳሱም ከቴኒስ የመጣ ነው። መረቡን ተሻግሮ ወደ እርስዎ ሲደርስ የመምታቱ ተራ የእርስዎ ነው። በአማርኛ «ሜዳ» ሲባል ግን የሚታየን እግር ኳስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኳሱ በእኛ ሜዳ ከሰነበተ ግብ ሊቆጠርብን ነው። አለቃ ኃላፊነት ሰጠሁ ሲሉ ሠራተኛ ይደነግጣል። «ተራው የእናንተ ነው» ምን ጎደለው?

«በአንድ ገጽ ላይ ነን» የሚለውን የምቃወመው በማስረጃ ሳይሆን በጥላቻ ነው። ገጽ በግእዝ ፊት ነው፤ የመጽሐፉ ገጽ የመጣውም ከዚያ ነው። «ተግባብተናል?» ማለት የሚችል ሰው በአንድ ፊት ላይ ተደራርቦ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ፈሊጥ የሚለው ቃል ራሱ «ፈለጠ» ከሚለው የወጣ ነው። በግእዝ ለየ ማለት ነው፤ በአማርኛ እንጨቱን ሰነጠቀ። ፈሊጥም ሲሰነጠቅ ውስጡ የአገር ነገር ሊገኝበት ይገባል። «ጆሮ ዳባ ልበስ» ሲባል ዳባው፣ ያ መናኝ የሚለብሰው ቆዳ፣ ጆሮ ላይ ተደርቦ ድምፅ ሲያፍን ይታየናል። ምልልስ ለበዛበት ቢሮም «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» አለን።

ከሁሉ የምወደው የቀነ ገደቡን ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ፊደል በፊደል ቢተረጎም «የሞት መስመር» ይሆናል። እውነትም ነበር፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1864 እ.ኤ.አ.፣ በጆርጂያ በነበረው የአንደርሰንቪል የእስረኞች ካምፕ ያን መስመር ያለፈ ይተኮስበት ነበር። እኛ ግን «ገደብ» አልን፤ ውሃ ከመገደብ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ የሚያገኘው ግልገል ጊቤ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ፣ የዚሁ ቃል ወንድም ነው። እነሱ ጊዜውን በጥይት ጠበቁት፣ እኛ እንደ ውሃ ያዝነው። ያን ጊዜ ቃል በቃል የሚተረጉም አለቃ ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፈሊጥ መተርጎም ቋንቋ ያበለጽጋል የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ የሚመዙብኝ «የምድር ጨው» የሚለውን ነው፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝ ወደ አማርኛ የመጣ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ ቃል ያረፈው አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ በሚሠራበት አገር ነው፤ ሲደርስ ትርጉሙ ቤት ተሰናድቶለት ጠበቀው። የቴኒስ ኳስ የትኛው ቤታችን ያስገባዋል?

እርግጥ ነው፣ የሚገባበትን ቤት እኔ አልመርጥም። «ሚና ተጫወተ» የሚለውን ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሙሉ በተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዣለሁ። ባለፈው ወር ከራሴ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ቦታ አገኘሁት። አንዱን ሰረዝኩ፤ በሌላው ቦታ የሚተካው ቃል አጣሁና እንዳለ ላክሁት።